ጫማ አውልቁ፣ ሽቶውን ቤት ተዉት፦ ስለ ጃፓን ምግብ ቤት የጠየቃችሁኝ

እንዴት ከረማችሁ! ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ስለ ጃፓን ምግብና ምግብ ቤት የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ» ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ ሳህን ከማጠብ ተነስቼ አስተናጋጅ እስከመሆን ስለደረስኩ ትንሽ አውቃለሁ ብዬ ነው። ሁለት ሶስት ሰው ይጠይቅ ይሆናል ስል ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከሐይቅ ጎረፈልኝ። ሁሉንም ላዳርስ ስለማልችል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ የአንዱን ስድብ ደግሞ አውጥቼዋለሁ፣ ራሱን ያውቃል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው። ለስልጠና ወደ ጃፓን ልንሄድ ነው፣ ጋባዦቻችን ደግሞ ከአሁኑ እራት የሚያበሉንን ቤት ፎቶ ልከውልናል። ወንበር የሚባል የለውም፣ በሩ ወረቀት ነው፣ ግድግዳው ባዶ ሆኖ አንዲት አበባ ብቻ፣ ግን ሲያምር! እኔ ግን ፈራሁ። ምን ለብሼ ልሂድ፣ የት ልቀመጥ፣ በዛ እንጨትስ እንዴት ነው የሚበላው? ሳልዋረድ የምመለስበትን ይንገሩኝ።» (እህትዎ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። እንደዛ ያለ ቤት ገና ከበሩ ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለብሽ እየነገረሽ ነው የሚያስገባሽ፣ አይንሽን ብቻ ክፈቺ። በሩ ጋ ወለሉ ሁለት እርከን ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ዝቅ ያለው የጫማ ነው፣ ጌንካን ይሉታል፣ ከፍ ያለው የቤቱ ነው። ጫማሽን ዝቅ ያለው ላይ አውልቀሽ በካልሲ ቀጥታ ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ ያወለቅሽበትን መሬት በካልሲ አትረግጪውም፣ ከዛ ጫማሽ አፍንጫው ወደ ውጭ እንዲያይ ታዞሪዋለሽ ወይ አስተናጋጇ ታዞርልሻለች። መስጊድም ቤተክርስቲያንም ጫማ አውልቆ ያደገ የወሎ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም፣ የሚያዋርደው ካልሲው ነው፣ ቀዳዳ የሌለው አዲስ ካልሲ ግዢ።

ኮሪደሩ ላይ ስሊፐር ይሰጡሽ ይሆናል፣ ታታሚው ጋ ስትደርሺ እሱንም ታወልቂዋለሽ። ታታሚ ያ ፎቶው ላይ ያየሽው ወፍራም ምንጣፍ ነው፣ ኢጉሳ ከሚባል ሳር የተሸመነ፣ አንዱ በግምት 1.8 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ አዲስ ሲሆን ሽታው ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤት ያስመስለዋል። ሽንት ቤት ስትገቢ ደግሞ ሌላ ስሊፐር አለ፣ የሽንት ቤት ብቻ። እሱን እንዳደረገ ታታሚ ላይ የወጣ ስንት እንግዳ አይቻለሁ፣ ፊት ለፊት የሚስቅ የለም፣ ኩሽና ውስጥ ግን በሳቅ ነው የምንሞተው።

የት ልቀመጥ ላልሽው፣ ዝም ብለሽ ቆመሽ ጠብቂ። ከበሩ የራቀው ቦታ የክብር እንግዳ ነው፣ ለበሩ የሚቀርበው የጋባዡ። ያቺ አንዲት አበባ ያለችበት ጎድጎድ ያለ ስፍራ ቶኮኖማ ይባላል፣ የተንጠለጠለ ፅሁፍ ወይ ስዕልና አበባ ይቀመጥበታል፣ ከሱ ፊት ያስቀመጡሽ እንደሆነ አከበሩሽ ማለት ነው። እኛ «ኧረ እዚህ ይበቃኛል» «ኧረ በአላህ ወደ ላይ ጠጋ በይ» እየተባባልን እራቱ ይቀዘቅዛል፣ እነሱም ትንሽ ይግደረደራሉ ግን አንዴ ካሳዩሽ ተቀመጪ፣ ክርክሩን አታስረዝሚው። ቶኮኖማው ባዶ ስለሆነ ደግሞ ቦታ የተረፋቸው መስሎሽ ቦርሳሽን እንዳታስቀምጪበት።

አቀማመጡ ጉልበት አጥፎ ተረከዝ ላይ ነው፣ ሴይዛ ይባላል። ሶላት የምትሰግድ ሰው ትንሽ ትችለው ይሆናል፣ እራቱ ግን ሁለት ሰዓትም ሊወስድ ይችላል፣ እግር ይደነዝዛል፣ የሚነሳ ሰው ይንገዳገዳል። ሰላምታው ካለቀ እግርሽን ወደ ጎን አጥፈሽ ብትቀመጪ ማንም ምንም አይልሽም፣ ወንዶቹም እግራቸውን አነባብረው ይቀመጡ። እግርን ወደ ሰው መዘርጋት ብቻ የለም። ብዙ ቤቶች አሁን ከጠረጴዛው ስር ወለሉን አጎድጉደው እግር ማንጠልጠያ ሰርተዋል፣ ፎቶውን ደግመሽ እዪው፣ ጠረጴዛው ስር ጨለማ ጉድጓድ ካለ ተገላገልሽ።

ልብስ ሰፋ ያለ ጉልበት የሚሸፍን ቀሚስ በቂ ነው፣ ሂጃብ ካለሽም ምንም ችግር የለውም። ሽቶ ግን ተዪ። ወይባ ጢስ ገብተሽ በሁለተኛው ቀን እንዳትሄጂ ብዬ በግልፅ ልንገርሽ፣ እዛ ያለው ምግብ ሽታው ስስ ነው፣ በተለይ የሱሺ (ሩዝ ላይ ብዙ ጊዜ ጥሬ ዓሣ የሚደረግበት ምግብ ነው) ባንኮኒ ላይ ከሆነ አጠገብሽ ያለው ሰው የከፈለበትን ምግብ ሳይሆን አንቺን ሲያሸት ነው የሚያመሸው። ባንኮኒው ብዙ ጊዜ ሂኖኪ ከሚባል የፅድ ዘመድ ከሆነ ለስላሳ እንጨት ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ አምባርና የብረት ሰዓት ቢወልቅ ይመረጣል፣ ይጭረዋል።

እንጨቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ያዢ፣ ሌላው ይቅር የሚባል ነው። አንደኛ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገሽ አትሰኪው፣ እንደዛ ተሰክቶ የሚቀርበው ለሞተ ሰው ነው። ሁለተኛ ምግብ ከእንጨት ወደ እንጨት አትቀባበሉ፣ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ የቀረውን አጥንት ቤተሰብ የሚያነሳው በእንጨት እየተቀባበለ ስለሆነ ገበታ ላይ ሲያዩት ይሰቀጥጣቸዋል። ካቃተሽ ሹካ ጠይቂ፣ ሱሺን ደግሞ በእጅ መብላት ነውር አይደለም፣ ብቻ ሶሱ ውስጥ የምትነክሪው በዓሣው በኩል ነው፣ በሩዙ በኩል ከነከርሽው ይበታተናል። የሩዝና የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን ወደ አፍ አንስቶ መብላት እዛ ጨዋነት ነው፣ ኑድል ሲበሉም ፉት እያሉ ድምፅ ያሰማሉ፣ እናቴ ብትሰማ በማንኪያ ነበር የምትመታኝ። ሲቀርብልሽ የሚሰጥሽ ሞቃት ፎጣ ለእጅ ነው፣ አንገት አይጠረግበትም። ለራስሽ አትቅጂ፣ ላጠገብሽ ሰው ቅጂለት እሱ ላንቺ ይቀዳልሻል። መጠጥ ካልሆነልሽ «ኡሮን ቻ» በይ፣ ሻይ ነው፣ «ካንፓይ» (ለጤናችን) ሲሉ እሱን አንሺ።

ቀጠሮው ምሽት 12 ሰዓት ከሆነ አስር ጉዳይ ላይ በር ጋ ሁኚ፣ የሀበሻ ቀጠሮ እዛ የለም፣ ምግቡ የሚዘጋጀው በደቂቃ ተቆጥሮ ነው።

ደግሞ ከስልጠና ውጭ ለብቻሽ መብላት ስትፈልጊ የሚሽከረከረውን ሱሺ ቤት ሞክሪ። በፈረንጆቹ 1958 ኦሳካ ላይ ነው የተጀመረው፣ ባለቤቱ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ በኮንቬየር ሲሄድ አይቶ ነው ሀሳቡ የመጣለት፣ ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካን ያየሽ ከሆነ በቃ ጠርሙሱን አውጥተሽ ሱሺ ተኪበት። ሳህኑ ከፊትሽ ያልፋል፣ የፈለግሽውን ታነሺያለሽ፣ በብዙዎቹ ቤቶች ዋጋው በሳህኑ ቀለም ይታወቃል፣ የሚያስጨንቅ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ልጄን ልጠይቅ ጃፓን ልሄድ ነው፣ ትኬቱን በሁዳዴ ቆረጠው። ዓሣም አልበላም እኔ። በጣም የሚያምር ቤት አለ እዛ እወስድሻለሁ ይለኛል፣ ቤቱ ቢያምር ምን ሊያደርግልኝ፣ የምበላው አገኛለሁ ወይ?» (አንዲት እናት፣ ከወልዲያ)

ሌላ ጥያቄ፦ «ወላሂ ግራ ገባኝ፣ ሱሺ ዓሣ ስለሆነ ሃላል ነው ይሉኛል፣ ሌላው ደግሞ ሩዙ ውስጥ ሳይቀር አልኮል አለ ይለኛል። የቱ ነው እውነቱ?» (ወንድምህ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እማማ፣ ከእርስዎ ልጀምር። የጃፓን ምግብ ከላይ ሲያዩት ሁሉም የፆም ይመስላል፣ ሩዝ፣ አትክልት፣ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ፣ የባህር አረም። ወጥመዱ ዳሺ የሚሉት መረቅ ነው፣ ኮምቡ ከሚባል የባህር አረምና ከደረቀ ጢስ ከጠጣ ዓሣ ነው በብዛት የሚሰራው፣ እንደኛ ሽንኩርት የሁሉም ነገር መነሻ ነው። ሚሶ ከሚባለው የተብላላ አኩሪ አተር የሚሰራው ሾርባ ውስጥ አለ፣ የተቀቀለው አትክልት ውስጥ አለ፣ የኑድሉ ማጥቀሻ ውስጥ አለ። ቴምፑራ የሚባለው ሊጥ ውስጥ ተነክሮ የተጠበሰ አትክልትም ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። ሳይጨነቁ የሚበሉት ነጭ ሩዝ፣ ኪያር መሀሏ ገብቶ በሩዝና በባህር አረም የተጠቀለለች ካፓ ማኪ፣ ኤዳማሜ የሚባል ከነሽፋኑ የተቀቀለ አኩሪ አተር፣ ቀዝቃዛ ቶፉ ላዩ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነገር ካልተበተነበት ነው። ልጅዎ አስተናጋጁን «ካትሱኦ ዳሺ ሃይቴ ኢማስ ካ» ብሎ ይጠይቅ፣ የዓሣ መረቅ አለው ወይ ማለት ነው።

ግን የሚያምር ቤት ካለ ልጄን ትንሽ ላስቸግረው ካሉ ሾጂን ርዮሪ የሚባለውን ይጠይቁት። የቡድሂስት ገዳማት ምግብ ነው፣ ስጋ የለውም፣ ዓሣ የለውም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፣ መረቁን ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ነው የሚያወጡት። ኪዮቶ ውስጥ ከነገዳሞቹ ግቢ የሚቀርብበት ቤት አለ፣ የአትክልት ስፍራውን ፊት ለፊት እያዩ፣ ላኬር የሚባል የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም በተቀባ ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን። የነሱ ሃይማኖት ምግብ ነው ብለው ቅር ከተሰኙ የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ይሂዱ፣ እኔ የማወራው ስለ ሳህኑ ብቻ ነው። ሀገሩ ራሱ ስጋ የለመደው በቅርብ ነው እኮ፣ በፈረንጆቹ 675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ስጋ አይበላ ብለው አዋጅ አወጡ፣ ከዛ በየዘመኑ ጠበቅም ላላም እያለ ቆይቶ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ በ1872 በይፋ የበሬ ስጋ በሉ ተብሎ ወሬ ሆነ። ስለዚህ ያለ ስጋ ማብሰል ያውቁበታል፣ አይራቡም።

የደሴው ወንድሜ፣ ሁለቱም ነገር እውነት ነው። ዓሣው ዓሣ ነው፣ ሩዙ ግን ኮምጣጤ፣ ስኳርና ጨው ተደርጎበት አንዳንድ ቤት ሚሪን ወይ ሳኬ የሚባል የሩዝ መጠጥ ይጨምራል፣ ሚሪን ጣፋጭ የሩዝ ወይን ነው፣ እውነተኛው 14 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው። ቴሪያኪ ሶስ ላይ አለ፣ የተጠቀለለው እንቁላል ላይ ሊኖር ይችላል። አኩሪ አተር ሶሱ ደግሞ ሲብላላ በራሱ ወደ 2 በመቶ የሚደርስ አልኮል ያወጣል፣ እሱ ላይ ኡለማዎቹ የተለያየ ነገር ይላሉ፣ ኡስታዝህን ጠይቅ። ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ ላይ ተጠንቀቅ፣ ቶንኮትሱ የሚባለው ነጭ መረቅ የአሳማ አጥንት ነው፣ ጊዮዛ የሚባለው እንደ ሳምቡሳ የተሞላ ሊጥም ውስጡ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስጋ ነው። ቶኪዮ ከሄድክ ግን ዮዮጊ ኡኤሃራ ላይ ትልቁ መስጊድ አለ፣ ቶኪዮ ጃሚ፣ ግቢው ውስጥ የሃላል ሱቅ አለው፣ አሳኩሳ አካባቢ ደግሞ የሃላል ሰርተፍኬት የለጠፉ ራመን ቤቶች አሉ። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ የምትበላው አስተናጋጁን አትጠይቅ፣ ሼፉን አስጠራ፣ አስተናጋጁ «ኧረ ምንም የለውም» ብሎ ነው የሚሸኝህ፣ እኔም ያኔ እንደዛ ነበር የምለው።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስ ያለች ቤት ተከራይቼ ካፌና ሬስቶራንት ልከፍት ነው። ዩቲዩብ ላይ የጃፓን ምግብ ቤቶችን ዲዛይን አይቼ አብጃለሁ በቃ። በሩ ላይ ያን ትልቁን ቀይ በር፣ ውስጥ ድራጎን፣ ቡድሃ፣ ፋኖስ፣ ግድግዳው ሙሉ የቼሪ አበባ ዎልፔፐር፣ ዙሪያውን ኤልኢዲ። ከሐይቅ ዓሣ እያስመጣሁ ሱሺም ልጀምር ነው። ብሬ ብዙ አይደለም። ምን ትመክረኛለህ?» (ከደሴ)

መልስ፦ ብርህ ብዙ ስላልሆነ ተመስገን ነው የምለው፣ ብዙ ቢሆን ሁሉንም ገዝተኸው ነበር።

ከበሩ ልጀምር። ያ ቀይ በር ቶሪ ነው የሚባለው፣ ሺንቶ የሚባለው የጃፓኖች የጥንት እምነት ቤተ መቅደስ መግቢያ ነው፣ ቡድሃውም የሚሰገድለት ነው። ሸኹም ቄሱም በሚያልፉበት የደሴ መንገድ ላይ የሌላ እምነት መቅደስ በር አቁመህ ጥብስ ስትሸጥ አስበው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌ ይመጣብሃል። ጃፓኖቹ ራሳቸው ምግብ ቤት በር ላይ የሚሰቅሉት ኖሬን የሚባል ከመሀሉ የተሰነጠቀ አጭር መጋረጃ ነው፣ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው፣ ከወረደ ተዘግቷል። ሸማኔ ጋ ሄደህ ታሰራዋለህ፣ ማንንም አያስቀይምም። ድራጎኑን ተወው፣ ሰው የቻይና ቤት ነው የሚልህ።

አሁን ያ ያሳበደህን ቪዲዮ አቁመውና እስኪ ዕቃ ቁጠርበት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አበባ፣ አንድ መብራት፣ አለቀ። የቀረው እንጨት፣ ጭቃ ልስን፣ ወረቀትና ጥላ ነው። መብራቱ አናት ላይ አይወርድም፣ ከወረቀት ጀርባ፣ ከግድግዳ ስር፣ ከዝቅታ ነው የሚመጣው። ሾጂ የሚባለው ተንሸራታች በር የእንጨት ፍርግርግ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት የቀኑን ብርሃን አለስልሶ እንዲያስገባ ነው፣ አንተ ዙሪያውን ኤልኢዲ ካበራህበት ምን ሊሰራ ነው? ወረቀቱን ደሴ አታገኘውም፣ ብታገኘውም የመጀመሪያው ህፃን ጣቱን ይከትበታል፣ በሱ ፋንታ ነጭ ሳሳ ያለ የጥጥ ሸማ ወጥርበት፣ ይታጠባል ደግሞ። ፍርግርጉን ማንም ጎበዝ አናጢ ይሰራልሃል፣ ባህር ዛፍ ከሆነ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥቡ ከተሰራ በኋላ ይጠማዘዝና በሩ አልንሸራተት ይልሃል።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር ከፍታ ነው። የነሱ ቤት የተለካው ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው አይን ነው፣ ክፍሉ የሚቆጠረው በታታሚ ነው፣ ባለ አራት ተኩል፣ ባለ ስድስት፣ ባለ ስምንት፣ መስኮቱም ስዕሉም ዝቅ ያለው ለዛ ነው። አንተ ረጅም ወንበር ደርድረህ ያን ዝቅ ያለ መስኮት ብትኮርጅ ደንበኛህ የሚያየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ወስን፣ ከዛ ነው ሌላው። ወሎ ላይ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት፣ ዱዓ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ማምሸት ብርቅ አይደለም፣ ግማሹን ክፍል ከፍ ያለ የእንጨት መደብ አድርገህ በበግ ፀጉር ምንጣፍ ብትሸፍነው ማንም አይደንቀውም፣ ይመቸዋል። ግን ጫማ የምታስወልቅ ከሆነ የጫማ መደርደሪያና መቀመጫ በር ላይ ይኑር፣ በደሴ ክረምት ጭቃ ቆሞ ቡት የሚያወልቅ ሰው ግድግዳህን ተደግፎ ነው የሚያወልቀው።

የመግቢያ ነገር ካነሳን፣ ሴን ኖ ሪክዩ የሚባል በፈረንጆቹ 1591 የሞተ የሻይ ስነ ስርዓት ሊቅ ነበር፣ የሻይ ቤቱን በር 66 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ አድርጎ አሳነሰው፣ ጌታም ይሁን ወታደር ሰይፉን ውጭ ትቶ በጉልበቱ ነው የሚገባው። የሱ ነው የሚባለው ታይአን የተባለው ክፍል ኪዮቶ አጠገብ እስከዛሬ አለ፣ ስፋቱ ሁለት ታታሚ ነው። ላሊበላ ጎንበስ ብሎ ዋሻውን ወጥቶ ድንገት ግቢው ውስጥ ቀና ያለ ሰው የዛ በር ስራ ይገባዋል፣ ትንሿን ቤትህን ትልቅ የሚያስመስላት እንደዚህ ያለ ነገር ነው። አንተ 66 አታድርገው፣ ወገብ የሚያማቸው ደንበኞች አሉህ፣ ግን ከበሩ አንድ ሁለት ሜትር ጠበብና ጨለም ያለ መተላለፊያ ብትተውለትና ከዛ ክፍሉ ቢከፈትለት ታየዋለህ ለውጡን።

ብር ያፈሰሱትም ቢሆኑ ብዙ ዕቃ አላበዙም። ታዳኦ አንዶ የሚባል ቦክሰኛ የነበረ፣ አርክቴክቸር ትምህርት ቤት ሳይገባ ራሱን አስተምሮ በፈረንጆቹ 1995 ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት የወሰደ ሰው አለ፣ በፈረንጆቹ 2006 ኒውዮርክ ላይ የተከፈተውን ሞሪሞቶ የሚባል የጃፓን ምግብ ቤት ሲነድፍ ካሳየው ነገር አንዱ ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደርድረው ከኋላ መብራት የበራባቸው ግድግዳ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ! ኬንጎ ኩማ የሚባል ሌላ አርክቴክት ደግሞ በፈረንጆቹ 2011 ጃፓን ዳዛይፉ ከተማ ወደ ቤተ መቅደስ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ወደ 2,000 በሚሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች እርስ በርስ አጠላልፎ ጎጆ አደረጋት፣ ሌላ ጌጥ የላትም። የቤትህ ጥበት አያሳስብህ፣ አንድ ነገር መርጠህ እሱን አብዛው ነው የምልህ። ኩማ በብዛት የሚሰራው በአካባቢው በተገኘ ዕቃ ነው፣ አንተ ደግሞ ላስታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት የሚገነቡ ሰዎች ያሉበት ሀገር ልጅ ሆነህ ከቻይና ዎልፔፐር ታስመጣለህ። ላሊበላ ያለውን ቤን አበባ ሬስቶራንት ሄደህ እየው፣ ገደል አፋፍ ላይ ክብ ክብ ሰገነት አድርገው ነው የሰሩት፣ ጃፓን ጃፓን አይሸትም ግን ሰው ለምግቡም ለቦታውም ነው የሚሄደው።

ሁለት የማልቀልድባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሰል ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነች ከጠረጴዛ ስር ማሞቂያ ያለውን ኮታትሱ አይተህ ከሆነ፣ ድሮ በከሰል ነበር ዛሬ በኤሌክትሪክ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ስር ከሰል አድርገህ ብርድ ልብስ ብታለብሰው የከሰሉ ጋዝ ሳይሸት ነው የሚገድለው፣ በፍፁም እንዳትሞክረው። ሁለተኛው ሱሺህ ነው። ሐዋሳ ሄደህ ሰው ጥሬ ዓሣ ሲበላ አይተህ ይሆናል፣ የሐይቅ ዓሣ ግን ጨው የሌለው ውሃ ዓሣ ነው፣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ ጃፓኖች ሱሺ ላይ በጥሬው የሚያደርጉት በአብዛኛው የባህሩን ነው፣ እሱንም ብዙውን አቀዝቅዘው፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን የሚል መመሪያ በውጭ ሀገር አለ። መብራት በሚሄድበት ከተማ ፍሪጅህን አምነህ የሰው ሆድ ላይ አትቁማር። ኪያር ማኪ፣ የተጠበሰ ቆሮሶ በሩዝ፣ አቮካዶ፣ በዚህ ጀምር። ወይ ደግሞ በቃ ጥብስና ፍርፍር ሽጥ፣ ቤቱ ፀጥ ያለና ንፁህ ከሆነ ማን ሱሺ አምጣ አለህ?

ከሁሉ በፊት ግን ሽንት ቤቱ። ለዎልፔፐሩ የመደብከውን ብር እዛ አፍስሰው።

ጥያቄ፦ «እዛ ሀገር ፎቶ ማንሳት፣ ቲፕ መስጠት፣ እንዴት ነው? ሂሳቡስ ለምን ካዘዙት በላይ ይመጣል?» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ቲፕ አይሰጥም፣ ጠረጴዛ ላይ ትተህ ከወጣህ ረስተኸው መስሏቸው ሮጠው ያመጡልሃል። ምግብህን ማንሳት ብዙ ቦታ ችግር የለውም፣ ሼፉንና ሌላ ሰው ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ፣ አንዳንድ ሱሺ ቤት ጭራሽ አይፈቅድም፣ ሱሺ ደግሞ እንደተሰጠህ ነው የሚበላው፣ ፎቶ እያነሳህ ሩዙ ሲቀዘቅዝ ሼፉ ፊቱ ይጠቁራል። ሂሳቡ ላይ 10 በመቶ ታክስ አለ፣ ዘመናዊ ቤት ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራል፣ ኢዛካያ የሚባሉት መጠጥ ቤቶች ደግሞ ሳታዝ የምትመጣ ትንሽዬ ሳህን አለች፣ እሷም ትከፈላለች፣ መቀመጫ ኪራይ በላት። በሞቃቱ ወራቸው ኪዮቶ ኪቡኔ ላይ ከወንዝ በላይ መድረክ ዘርግተው የሚያበሉበት ቦታ አለ፣ ውሃው ከስርህ እየሄደ፣ እሱ ላይ ለቦታው ብትከፍልም አይቆጭህም። ቦርከና ላይ እንዳትሞክሩት ብቻ።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ወንዱ ልጄ ጃፓናዊት አግብቷል፣ አማቾቹ ሐይቅ ድረስ ሊመጡ ነው። ቤቱን እንደነሱ ላሰናዳው ወይ? ባጎርሳቸውስ ይቀየሙኛል?» (አንድ አባት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቤቱን ምንም አይንኩት፣ ከዛ ድረስ የሚመጡት የእርስዎን ቤት ለማየት ነው። ወለል ላይ መቀመጥ ያውቃሉ፣ ዝቅ ያለ መቀመጫም ይመቻቸዋል፣ ጫማቸውን በር ላይ ማውለቅ ከጀመሩ ደግሞ ይተዉአቸው፣ አይከልክሏቸው፣ ወለሉ ግን ይጠረግ። ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብዎን በጣም ነው የሚወዱት።

ጉርሻውን ልጅዎ አስቀድሞ ይንገራቸው፣ እነሱ ጋ እንዲህ ያለ ልማድ የለም፣ ድንገት እጅዎ አፋቸው ጋ ሲደርስ ሊደነግጡ ይችላሉ። ካወቁት በኋላ ግን ይጎርሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። አነስ ያለ ይሁን እንጂ፣ የእኛን የወሎ ጉርሻ አይችሉትም፣ ሶስት ሳይሞላ አይበቃም የሚለውንም ለነሱ ይተውላቸው። ጥሬ ዓሣ ይበላሉ ብለው ጥሬ ስጋ እንዳያቀርቡላቸው። ስጦታ ያመጣሉ፣ ትንሽ ነገር በጥሩ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ፊታቸው ላይ ካልከፈቱት አይቀየሙም፣ ከፈለጉም ጠይቀው ይክፈቱት። ወሬ ከጠፋ ደግሞ አበበ ቢቂላን ያንሱ፣ በፈረንጆቹ 1964 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶኑን ሲያሸንፍ የዛ ሀገር ሽማግሌዎች በደንብ ያስታውሱታል፣ አንዴ ከተጀመረ አስተርጓሚው ነው የሚደክመው።

ዓሣውን ከሐይቁ ጠዋት የወጣውን ያስመጡ፣ በደንብ ይጠበስ፣ ሚጥሚጣውን ለብቻ በትንሽ ሳህን ያድርጉት።